ሌብል ላይ ያለው ቦታ የማን ነው?

ጠርሙስ፣ ጣሳ ወይም ካርቶን ላይ የሚለጠፍ ሌብል ብዙውን ጊዜ ከእጅ መዳፍ አይሰፋም። ለዚያች ቦታ የሚሻማው ግን ብዙ ነው። የሽያጭ ክፍሉ ዓርማው ከሩቅ እንዲታይና ፎቶግራፉ እንዲጎላ ይፈልጋል። የሕግ ክፍሉ የግዴታ ጽሑፎችን ዝርዝር ይዞ ይመጣል። ፋብሪካው ቀንና የምርት ቁጥር የሚያትምበት ባዶ ቦታ፣ መጋዘኑና ቸርቻሪው ደግሞ ባር ኮድ ይጠይቃሉ። ዲዛይነሩ ሁሉንም ለማስማማት ሲታገል ፊደላቱ ያንሳሉ፣ መስመሮቹ ይጠጋጋሉ። በመጨረሻም የሚጨቆነው ተከራካሪ የሌለው ጽሑፍ ነው፤ የአጠቃቀም መመሪያው፣ የይዘት ዝርዝሩና ማስጠንቀቂያው። የእነዚህ ጠበቃ ሊሆን የሚገባው ተጠቃሚው ነበር። እሱ ደግሞ ሌብሉ በሚጸድቅበት ስብሰባ ላይ የለም።

ይህ የቆየ ሽሚያ አሁን አዲስ መልክ ይዟል። የባር ኮድ ደረጃዎችን በዓለም አቀፍ ደረጃ የሚያወጣው ጂኤስ ዋን የተባለው ድርጅት፣ የችርቻሮ መደብሮች እ.ኤ.አ. እስከ 2027 መጨረሻ ድረስ እንደ ኪውአር ያሉ ኮዶችን በገንዘብ መቀበያ ላይ ማንበብ እንዲችሉ ግብ አስቀምጧል። አንዲት ትንሽ ካሬ ዋጋ ከማስላት አልፋ የድረ ገጽ አድራሻ መያዝ ከቻለች፣ ከወረቀቱ ላይ ብዙ ጽሑፍ አንስቶ ወደ ስልክ ማዛወር ይቻላል የሚል ሐሳብም አብሮ መጥቷል። ሐሳቡ ያጓጓል። ነገር ግን አደጋ ያለበት ቦታ አለ። ያንን ለመረዳት በቅድሚያ የሌብል አቀማመጥ ምን እንደሚሠራና ሲበላሽ ምን እንደሚያስከትል መመልከት ይገባል።

እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2006 በአሜሪካ ኢንዲያናፖሊስ ከተማ በሚገኝ አንድ ሆስፒታል ስድስት ጨቅላ ሕፃናት የደም መርጋትን የሚከላከለውን ሄፓሪን የተባለ መድኃኒት ከልክ በላይ ተሰጣቸው። ሦስቱ ሞቱ። ለሕፃናቱ የሚያስፈልገው በአንድ ሚሊ ሊትር 10 ዩኒት የያዘው ብልቃጥ ነበር፤ የተወጋላቸው ግን 10,000 ዩኒት የያዘው ነው። ሁለቱ ብልቃጦች በመጠን ተመሳሳይ ነበሩ፤ ሌብሎቻቸውም ሁለቱም ሰማያዊ፣ አንደኛው ፈካ ሌላኛው ጠቆር ያለ። የጥፋቱ መነሻ ብልቃጦቹ በማይገባቸው ቦታ መቀመጣቸው ነበር። ሌብሉ ግን ከመሳቢያው እስከ ሕፃኑ ባለው መንገድ ላይ ስህተቱን ሊያስቆሙ ይችሉ ከነበሩ የመጨረሻ ምልክቶች አንዱ ሆኖ ሳለ አላስቆመውም።

ለምን እንዳላስቆመው ለማየት ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን ማስቀመጥ ይበቃል። 10 እና 10,000 የሚለዩት በሦስት ዜሮና በአንድ ነጠላ ሰረዝ ነው። የመድኃኒቱ ስም ያው፣ የአምራቹ ዓርማ ያው፣ የጽሑፉ አሰላለፍ ያው፣ ቀለሙም የቅርብ ዘመድ ነው። ዓይን ደግሞ የለመደውን ዕቃ ፊደል በፊደል አያነብም። ቀለሙንና ቅርጹን አይቶ ያውቀዋል፤ አውቄዋለሁ ካለ በኋላ ማንበቡን ያቆማል። በየቀኑ ለዓመታት ያንኑ መሳቢያ የከፈተች ነርስ ሰማያዊ ብልቃጥ ስታነሳ አእምሮዋ የሚያየው የለመደውን ነው። ስለዚህ ሁለት ምርቶች መምታታቸው ሰው የሚጎዳ ከሆነ፣ ልዩነታቸው የሌብሉ ትልቁ ነገር መሆን አለበት፤ ከምርቱ ስም እኩል ወይም ከዚያ በላይ።

አምራቹ እ.ኤ.አ. በ2007 ሌብሉን ቀየረ። ፊደሉን አሳደገ፣ ቀለሙን ለየ፣ ተቀዶ የሚነሳ ቀይ ማስጠንቀቂያም ጨመረበት። በዚያው ዓመት በኅዳር ወር ግን በሎስ አንጀለስ የተዋናይ ዴኒስ ኩዌድ መንትያ ጨቅላዎች ላይ ያው ስህተት ተደገመ፤ ሕፃናቱ ተርፈዋል። የተሰጣቸው በአሮጌው ሌብል የታሸገ ብልቃጥ ነበር። በኮምፒውተር ላይ የተስተካከለ ንድፍ ቀድሞ ታትሞ የተሠራጨውን አያርምም። በዚህ ምክንያት ሌብል ላይ የሚደረግ ምርመራ ከመታተሙ በፊት የሚያልቅ ሥራ ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለው ማስተካከያ ሁሉ ዘግይቶ የሚደርስ ነው።

ተመሳሳይ ጉዳይ በቤት ውስጥ ሲሆን ምን ይመስላል? ዴቦራ አድለር የተባለችው አሜሪካዊት ዲዛይነር አያቷ በስህተት የባሏን ክኒን መዋጧ ነበር ለሥራ ያነሳሳት። ሁለቱ ጠርሙሶች አንድ ዓይነት ነበሩ፤ ሁለቱም ላይ በመጀመሪያ የሚታየው የመድኃኒት ቤቱ ዓርማ ነበር። አድለር በኒው ዮርክ ተማሪ ሳለች ለመመረቂያዋ የሠራችው ንድፍ እ.ኤ.አ. በ2005 በታርጌት መደብሮች ሥራ ላይ ዋለ። የመድኃኒቱ ስም ከላይ መጣ፤ ከሥሩ እንዴት እንደሚወሰድ ተጻፈ፤ ከዚያ አንድ ወፍራም መስመር ተሰመረና የሐኪሙ ስም፣ ቁጥሩ፣ ቀኑና የመሳሰለው ከመስመሩ በታች ወረደ። ጠርሙሱ ጠፍጣፋ ገጽ ስላለው ለማንበብ ማዞር አያስፈልግም። ለእያንዳንዱ የቤተሰብ አባል የተለየ ቀለም ያለው ቀለበት ነበረው፤ የመድኃኒቱ ስም በጠርሙሱ አናት ላይም ስለተጻፈ መሳቢያ ውስጥ ቆሞ እያለ ይነበባል።

በዚህ ሥራ ውስጥ የጽሑፉ ይዘት ያን ያህል አልተለወጠም። የተለወጠው ቅደም ተከተሉ ነው፤ ቅደም ተከተሉንም የወሰነው «በዚህ ሰዓት ይህን ጠርሙስ ያነሳ ሰው ምን ማወቅ አለበት?» የሚል ጥያቄ ነው። የሚያሳዝነው ንድፉ ራሱ ረጅም ዕድሜ አላገኘም። ታርጌት የመድኃኒት ክፍሎቹን እ.ኤ.አ. በ2015 ለሌላ ኩባንያ ከሸጠ በኋላ ቀርቷል። ተጠቃሚው የወደደው አቀማመጥ እንኳ ባለቤቱ ሲለወጥ አብሮ ይሄዳል።

እንግዲህ ማንኛውም ሌብል ሁለት ጊዜ ይነበባል። መጀመሪያ መደርደሪያ ላይ፣ ከአንድ ወይም ከሁለት ሜትር ርቀት፣ በቅጽበት። ቀጥሎ በእጅ ተይዞ፣ ሰውየው የተወሰነ ነገር ሲፈልግ። ለመጀመሪያው ንባብ የሚወጣው ገንዘብና የሚፈሰው ጥበብ ብዙ ነው። ለሁለተኛው የሚቀረው ጀርባ ያለው ትርፍራፊ ቦታ ነው። ሁለተኛው ንባብ ግን በጥያቄ የሚመራ ነው፦ ስንት ልጨምር? ለልጅ ይሆናል? ኦቾሎኒ አለበት? ዓይኔ ውስጥ ቢገባ ምን ላድርግ? እስከ መቼ ይቆያል?

አንድ የጽዳት ኬሚካል ጀሪካን እናስብ። ጀርባው ላይ ዘጠኝ መስመር ያለው አንድ አንቀጽ አለ። አምስቱ መስመሮች ስለ ምርቱ ጥራት ያወራሉ፤ ስድስተኛው ላይ፣ ዓረፍተ ነገሩ መሐል፣ «50 ሚሊ ሊትር በ5 ሊትር ውኃ በጥብጠው» ይላል፤ ስምንተኛው ላይ ደግሞ ከሌላ ማጽጃ ጋር እንዳይቀላቀል ያስጠነቅቃል። ጓንት ያጠለቀ፣ እጁ የረጠበ ሠራተኛ ይህን ፈልጎ እንዲያገኝ ይጠበቃል። መፍትሔው ቀላል ነው። የመበጥበጫው መጠን የራሱን መስመር ያገኛል፤ ቁጥሮቹ ከዙሪያቸው ካለው ጽሑፍ ይጎላሉ፤ ማስጠንቀቂያው ከምስጋናው ተለይቶ በራሱ ሳጥን ይቀመጣል። ስለ ጥራቱ የተጻፉት አምስት መስመሮች ደግሞ በአብዛኛው ሊወጡ ይችላሉ፤ ዕቃውን የገዛው ሰው ቀድሞ ተማምኖበታልና። በአውሮፓ ኅብረት አደገኛ ኬሚካሎችን የሚመለከተው ደንብ ከ3 ሊትር ለማይበልጥ ዕቃ የሚሆን ሌብል ቢቻል ከ52 በ74 ሚሊ ሜትር እንዳያንስ የሚያዘው፣ ቀዩ ባለ አራት ማዕዘን የአደጋ ምልክትም ከ1 ካሬ ሴንቲ ሜትር እንዳያንስ የሚወስነው፣ ነገሩ ለዲዛይነሩ ምርጫ ብቻ ቢተው ምን እንደሚሆን ስለሚታወቅ ነው።

ሕግ ጽሑፍን ከመጥፋት ያድናል፤ ጥሩ አቀማመጥ ግን አይሰጥም። የአውሮፓ ኅብረት የምግብ ገላጭ ጽሑፍ ደንብ፣ ቁጥር 1169/2011፣ የግዴታ ጽሑፎች ፊደል በትንሿ የላቲን ኤክስ ቁመት ሲለካ ከ1.2 ሚሊ ሜትር እንዳያንስ ያዛል፤ ትልቁ ገጹ ከ80 ካሬ ሴንቲ ሜትር ለሚያንስ ማሸጊያ 0.9 ሚሊ ሜትር ይፈቅዳል። ይህ ዝቅተኛው ወለል ነው። በተግባር ግን እንደ ግብ ይወሰዳል፤ ዲዛይነሩ በኮምፒውተሩ ላይ 1.2 ሚሊ ሜትር መሆኑን አረጋግጦ ይቀጥላል። የቅርብ ነገር የማየት ችሎታ ከ40 ዓመት ዕድሜ ገደማ ጀምሮ እየደከመ እንደሚሄድ እናውቃለን፤ ሌብል የሚያነበው ሕዝብ ግማሹ ከዚያ ዕድሜ በላይ ሊሆን ይችላል። ደንቡ ደግሞ ስለ ቀለም ንፅፅር ቁጥር አያስቀምጥም። በብርማ ወረቀት ላይ በነጭ የታተመ 1.2 ሚሊ ሜትር ፊደል ሕጋዊ መለኪያውን ያሟላ ይሆናል፤ የሚያነበው ግን የለም።

ሕግ ከቁመት አልፎ አቀማመጥን ራሱን ሲወስን ውጤቱ የተሻለ ነው። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1994 ግዴታ የሆነው የምግብ ይዘት ሰንጠረዥ፣ በቡርኪ ቤልሰር የሚመራ የንድፍ ቡድን የሠራው፣ ጥቁር ክፈፍ፣ ወፍራምና ቀጭን መስመሮች፣ አንድ ቀላል ፊደል ብቻ ነው። በሁሉም ማሸጊያ ላይ አንድ ዓይነት በመሆኑ ሰው አንድ ጊዜ ካነበበው በሌላው ምርት ላይ የሚፈልገው ቁጥር የት እንዳለ ያውቃል። ቺሌ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ ስኳር፣ ጨው፣ የጠገበ ቅባት ወይም ካሎሪ የበዛባቸው ምግቦች ፊት ለፊታቸው ላይ ጥቁር ባለ ስምንት ማዕዘን ምልክት እንዲይዙ አዘዘች፤ የምልክቱም መጠን ከማሸጊያው ገጽ ስፋት ጋር አብሮ ያድጋል። በእኔ አስተያየት የዚህ ሕግ ብልህነት ያለው እዚህ ላይ ነው። ማስጠንቀቂያው ወደ ጀርባ እንዲሸሽ አልፈቀደለትም፤ የፊት ለፊቱን ቦታ ለአንባቢው ከፈለለት።

ከዚህ በኋላ ያለው የቁሱ ጉዳይ ነው፤ ብዙ ጥሩ ንድፍ የሚሞትበትም እዚህ ነው። ዲዛይነሩ ሌብሉን የሚያየው በጠፍጣፋ ስክሪን ላይ፣ ሦስት እጥፍ አሳድጎ፣ ከኋላው ብርሃን እየበራ ነው። ዕቃው ግን ክብ ሊሆን ይችላል። ክብ ጠርሙስን ሳያዞር የሚያይ ሰው በደንብ የሚነበብለት ከዙሪያው ሲሶ ገደማ ብቻ ነው፤ ከዚያ በላይ የሰፋ ርዕስ ሁለቱ ጫፎቹ ይታጠፋሉ። ረጅም የጽሑፍ መስመር በክብ ዕቃ ላይ ማንበብ ጠርሙሱን ወዲያና ወዲህ ማዞርን ይጠይቃል፤ ስለዚህ ጠበብ ያሉ ዓምዶች ይሻላሉ። ባር ኮዱም በቀጭን ጠርሙስ ላይ እንደ መሰላል ደረጃ ተጋድሞ ሲቀመጥ ነው ማንበቢያው ሳይቸገር የሚያየው።

ማተሚያ ቤቱ የሚጠይቀው ከዲዛይነሩ ስክሪን የተለየ ነው። ቢላው ሁልጊዜ በትክክል መስመሩ ላይ አያርፍም። ስለዚህ የጀርባው ቀለም ከመቁረጫው መስመር ውጭ 3 ሚሊ ሜትር ያህል እንዲያልፍ ይደረጋል፤ ጽሑፍ ደግሞ ከመስመሩ ወደ ውስጥ እንዲሁ ይርቃል። አራቱ ቀለሞች፣ ማለትም ሲያን፣ ማጀንታ፣ ቢጫና ጥቁር፣ የሚታተሙት ተራ በተራ በመሆኑ በትንሹም ቢሆን ሊዛነፉ ይችላሉ። ትልቅ ፎቶግራፍ ላይ ይህ አይታወቅም። በአራት ቀለም በተሞላ ጀርባ ላይ በነጭ የተተወ ቀጭን ፊደል ግን ይደፈናል። ትንንሽ ጽሑፍ በጥቁር ቀለም ብቻ፣ በገረጣ ጀርባ ላይ የሚታተመው ለዚህ ነው። ቀይ ባር ኮድም እንዲሁ ወጥመድ ነው፤ ብዙዎቹ ማንበቢያዎች ቀይ ብርሃን ስለሚጠቀሙ ቀይ መስመር ለእነሱ ከነጭ አይለይም።

ከሁሉም በላይ የሚያናድደኝ የቀኑ ነገር ነው። የምርቱ መጠቀሚያ የሚያበቃበት ቀን ከሌብሉ ጋር አይታተምም፤ ፋብሪካው ውስጥ ዕቃው በመስመር ላይ እያለፈ በሌላ ማሽን ይረጫል። ለዚህ ማሽን የሚተወው ባዶ መስኮት ነጭ መሆን፣ ቫርኒሽ ያልተቀባ መሆን፣ ማሽኑ ከሚያትመው ጽሑፍም ሰፋ ማለት አለበት። ቫርኒሽ ከተቀባ ቀለሙ አይይዝም፤ በእጅ ሲነካ ይለቃል። መስኮቱ ተረስቶ ከሆነ ደግሞ ቀኑ በጥቁር ነጠብጣብ ጠቆር ባለ ፎቶግራፍ ላይ ያርፋል። ገዢው ዕቃውን ወደ መብራት እያዘነበለ የሚፈልገው፣ ብዙ ጊዜም ሳያገኝ የሚተወው ቁጥር ይህ ነው። ንድፉ ሲሠራ «ቀን ለማተሚያ» የሚል ግራጫ ሳጥን ከመጀመሪያው ረቂቅ ጀምሮ ቢቀመጥ ይህ ሁሉ ባልመጣ ነበር።

በግዕዝ ፊደል ለሚጽፍ ሰው ሌላም ጉዳይ አለ። የላቲን ኤክስ መለኪያ ለፊደላችን በቀጥታ አይሠራም፤ ትልቅና ትንሽ ፊደል የሚባል ልዩነት የለንም። በላቲን የተሠራ ሌብል ርዕሱን በትልልቅ ፊደላት በመጻፍ ብቻ ከሌላው ይለየዋል፤ ወደ አማርኛ ሲዞር ይህ መሣሪያ ይጠፋል፤ ልዩነቱ በፊደሉ ውፍረት፣ በመጠኑና በዙሪያው በሚተወው ባዶ ቦታ መመለስ አለበት። ከዚህም በላይ ፊደላቱ የሚለዩት በትንንሽ ቅጥያ ነው። «ቤ»ን ከ«ቢ» የምትለየዋ እግሩ ላይ ያለችው ቀለበት በትንሽ መጠን ሲታተም በቀለም ትደፈናለች። ሁለት ቋንቋ ባለበት ሌብል ላይ ሁለቱንም በአንድ መጠን ማስቀመጥ ፍትሐዊ ይመስላል፤ ግዕዙ ከላቲኑ ከፍ ካላለ ግን የሚነበበው ላቲኑ ብቻ ይሆናል። ቦታ ሲጠብ ፊደሉን በጎን መጭመቅ ደግሞ የባሰ ነው፤ ቃል መቀነስ ይሻላል።

አሁን ወደ ኮዱ እንመለስ። ባር ኮድ ለመጀመሪያ ጊዜ በመደብር የተነበበው እ.ኤ.አ. ጁን 26 ቀን 1974 በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት ነው፤ ዕቃውም አንድ ፓኮ ማስቲካ ነበር። ከዚያ ጀምሮ ይህ የመስመሮች ሰልፍ በየማሸጊያው ላይ ቦታ ይዞ ኖሯል። ለማሽን የተሰጠ ቦታ ነው፤ ማንም አይቀንሰውም፤ ከቀነሰው ማሽኑ እምቢ ይላል፣ ዕቃው አይሸጥም። ለሰው የተሰጠው ቦታ ግን ሲቀነስ ወዲያው እምቢ የሚል የለም። ማሽን በሌብል ላይ ከሰው የተሻለ መብት ያገኘው በዚህ ምክንያት ነው።

ኪውአር ኮድ ጽሑፍን ወደ ስልክ ለማዛወር ሲያገለግል ምን መደረግ እንዳለበት ከአውሮፓ የወይን ጠጅ ሕግ መማር ይቻላል። ከዲሴምበር 8 ቀን 2023 በኋላ ለሚመረት ወይን ጠጅ የይዘት ዝርዝርና የተሟላ የምግብ ይዘት መግለጫ ግዴታ ሆነ፤ አምራቹ ግን እነዚህን በኮድ በኩል በድረ ገጽ ማቅረብ ተፈቀደለት። አለርጂ የሚያስነሱ ነገሮችና የካሎሪ መጠኑ ግን ወረቀቱ ላይ ይቀራሉ። ገጹ ማስታወቂያ እንዳይዝና የአንባቢውን መረጃ እንዳይሰበስብም ተከለከለ። መስመሩ የተሰመረበት ቦታ ትክክል ነው። ጉዳት ሊያስከትል የሚችለው ወረቀት ላይ፣ ማወቅ ለሚፈልግ የሚጠቅመው ኮድ ውስጥ።

ሆኖም ሕጉ ሊጸና ሁለት ሳምንት ያህል ሲቀረው የአውሮፓ ኮሚሽን ከኮዱ አጠገብ «የይዘት ዝርዝር» የሚል ትርጉም ያለው ቃል በሙሉ መጻፍ እንዳለበት አስታወቀ። ብዙ አምራቾች ደግሞ «i» የምትለዋን አንዲት የላቲን ፊደል ብቻ አስቀምጠው ሌብላቸውን አሳትመው ነበር፤ ተቃውሞውም ከባድ ሆነ። የወጪው ብሶት ይገባኛል። ነገር ግን ኮሚሽኑ ያነሳው ነጥብ እውነት ነበር፤ ከኮዱ ጀርባ ምን እንዳለ ያልተነገረው ሰው ኮዱን የሚያነሳበት ምክንያት የለውም።

ስልክ የሌለው፣ ኔትወርክ የማያገኝ፣ ዓይኑ የደከመ ወይም አሁን ወዲያው መወሰን ያለበት ሰው በኮድ አይረዳም። ድረ ገጽም ይዘጋል፤ ዕቃው ግን መደርደሪያ ላይ ለዓመታት ሊቆይ ይችላል። የታተመ ጽሑፍ ሌላም ጥቅም አለው፤ ከተሸጠ በኋላ ማንም አይለውጠውም። ገዢው ያነበበው ያው በእጁ ነው፤ ድረ ገጹ ግን በማግስቱ ሌላ ነገር ሊል ይችላል።

በሽግግሩ ጊዜ አሮጌው ባር ኮድና አዲሱ ካሬ ጎን ለጎን ስለሚታተሙ ቦታው ይበልጥ ይጠባል። ባር ኮዱ ሲወጣ ግን ይከፈታል። ባለ 13 አሃዙ ባር ኮድ በሙሉ መጠኑ፣ ከባዶ ጠርዙ ጋር፣ 37.29 በ25.93 ሚሊ ሜትር ነው፤ ወደ 9.7 ካሬ ሴንቲ ሜትር ማለት ነው። በየጎኑ 2 ሴንቲ ሜትር የሆነ ኪውአር ኮድ 4 ካሬ ሴንቲ ሜትር ይይዛል። የሚተርፈው 5.7 ነው። 7 ካሬ ሴንቲ ሜትር የሚይዝን የይዘት ዝርዝር ከ1.2 ወደ 1.6 ሚሊ ሜትር ለማሳደግ የሚያስፈልገው ተጨማሪ ቦታ 5.4 ካሬ ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ልክ ይበቃል። የሽያጭ ክፍሉም ይህን ቦታ እንደሚፈልገው አያጠራጥርም። ስለዚህ ሌብል የሚያሠራ ድርጅት ለዲዛይነሩ በሚሰጠው የሥራ ትዕዛዝ ላይ፣ ገና ባር ኮዱ ሳይነሳ፣ የሚተርፈው ቦታ ለይዘት ዝርዝሩ፣ ለአጠቃቀም መመሪያውና ለማስጠንቀቂያው ፊደል ማሳደጊያ እንደሚውል በጽሑፍ ማስፈር ይኖርበታል።